ያልተለኩት አስራ አንድ ቀናት

ዴልፍት፣ ሆላንድ
ጥቅምት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ አብደላ፣ ከሚሴ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርቱ? አክስቴ ሀዲጃስ ደህና ናቸው? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጾሙ እዚህ አይከብድም፤ ቀኑ አጭር ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ውሃ የሚጠማው ሰው ያለም አይመስለኝም።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በነሐሴ ነው። «ዶክተር ሆነሽ ስለምን ትለምኛለሽ?» የሚለውን ጥያቄዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አፈርሁ፣ ከዚያ መልሱን ስፈልግ ሁለት ወር አለፈ። እውነትዎን ነው። ዶክተር ከተባልሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም በየደጁ እጄን እዘረጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ገና ቋሚ ቦታ ያላገኘ ተመራማሪ እዚህ ፖስት ዶክ ይባላል። ሥራ አለው፣ ግን ሥራው የሌላ ሰው ነው፤ ውሉም በየዓመቱ ያልቃል። የራሴን ጥያቄ ልመርምር ካለ የሚደግፈው ድርጅት ማደን አለበት። እኔ ሰኞ ሰኞ ጠዋት የማደርገው ይህንኑ ነው። ዝርዝሩን እከፍታለሁ፤ አንዱ ለአውሮፓ ዜጋ ብቻ ይላል፣ አንዱ ለሐኪም ብቻ፣ አንዱ ቀነ ገደቡ ትናንት አልፏል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለሰባት ድርጅት ጻፍሁ። የስድስቱ መልስ መጥቷል። ሁሉም በምስጋና ይጀምራሉ፤ ምስጋናውን ካየሁ በኋላ የቀረውን አላነብም።

የቀረኝ ሰባተኛው ነው። ፌሎሺፕ ይሉታል። ለሦስት ዓመት ደመወዝ ከፍሎ፣ መሣሪያ ገዝቶ፣ ተመራማሪውን ወደ ገዛ አገሩ ይልካል። የሚቀበለው ግን ዶክትሬቱን ከያዘ አምስት ዓመት ያልሞላውን ብቻ ስለሆነ ለእኔ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው። ውሌም በሰኔ ያልቃል። ካልሆነልኝ አንድ የዚህ አገር ኩባንያ የቦይ ውሃ እንድለካለት ጠይቆኛል። እንጀራ ነው፣ አልጠላም። ግን የሰው ቦይ ነው።

ጥያቄዬን ያውቁታል። የጨፋ ረግረግ ከዓመት ዓመት ቀድሞ የሚደርቀው ለምንድን ነው? በየበጋው አፋሮቹ ከብታቸውን ይዘው ሲመጡ ገበሬው «እናንተ ጨረሳችሁት» ይላል፣ እነሱም «እናንተ አርሳችሁ አደረቃችሁት» ይላሉ፤ ስንቱ ሰው በዚህ ተጣልቷል። እኔ ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ልጅ ሆኜ ከእርስዎ ጋር ድልድዩ ስር ወርደን የቦርከናን ውሃ በባለቁጥሩ ብረት ላይ እናነብ የነበረው ትዝ ይልዎታል? በ83 መዝገቡን የሚሰበስቡት ሰዎች መምጣት በማቆማቸው ቁጥሩ መቋረጡ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ቢኖር ኖሮ ግማሽ መልሴ በእጄ ነበር።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ድርጅቱ አካባቢውንም እኔንም ከሚያውቅ አንድ የአገር ሰው ደብዳቤ ይፈልጋል። በአማርኛ ይጻፉት፣ አስተርጓሚ አላቸው። አሽገው በቀጥታ ወደ እነሱ ይላኩት። ለእኔ ማሳየት ክልክል ነው፤ እኔም አልጠይቅዎትም።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

የእህትዎ ልጅ ዓዲላ

—

ከሚሴ
ህዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ዓዲላ

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ ገለታ ረቢ ደህና ነን። ዒዱ በሰላም አለፈ። ሀዲጃ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። እኔ ምንም አልሆንሁም፤ ስለ እኔ የሚነገር ነገር የለም።

ደብዳቤሽን ጎረቤታችን መምህር ዘይኑ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። ጽሕፈትሽ ደቃቅ ስለሆነ ነው፤ ወደፊት ተለቅ አድርገሽ ጻፊ።

ዓዲላ፣ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ክፍያ ሁሉ ለሚያውቅ ሰው ነው። ሐኪሙ ስለሚያውቅ ይከፈለዋል። ደላላው የበሬ ጥርስ አይቶ ዕድሜውን ስለሚያውቅ ይከፈለዋል። «አላውቅም፣ ልወቅ» ላለ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የሚቀልብ ቤት በዚህች ዓለም ላይ አለ ስትዪኝ አፌን ያዝሁ። ሱብሃነላህ። ይህን ቤት ያቆሙት ሰዎች ምን አይተው ነው? ማንስ አስተማራቸው?

ጁምዓ ከሰላት ስንወጣ ለሰይድ ነገርሁት። የሰንበቴ ገበያውን የከብት ደላላ ሰይድን መቼም አትረሺውም። «ካወቀች በኋላ ምን ትመልስላቸዋለች?» አለኝ። መልሱን አልሁት። «መልሱን ብቻ?» አለ። መልሱን ብቻ አልሁት። ቆሞ አሰበ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ በባዶ እግሩ እስከ መንገዱ ሄደ፣ ከዚያ ተመልሶ «እኔም አንድ የማላውቀው ነገር አለ በላት» አለኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ደብዳቤውን እጽፋለሁ። የቸገረኝ ማኅተም ነው። ጡረታ ስወጣ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስረክቤአለሁ። ማኅተም የሌለው ወረቀት የሚቀበሉ ከሆነ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ስለ አጻጻፉ ግን አታስቢ። ስለ አንዲት ልጅ ለሚጠይቁ የተከበሩ ሰዎች እንዴት እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ በዚህ ቤት የስንቷን ልጅ ሽማግሌዎች ተቀብዬ ሸኝቻለሁ። አላሳፍርሽም።

በሌላው ወረቀት የጻፍሁትን ደግሞ ለብቻሽ አንብቢው፤ ለዚያም መልስ እጠብቃለሁ።

አጎትሽ አብደላ

የዛሬ ውሃ፣ 0.84

—

ዴልፍት
ታህሳስ 10 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ጽሕፈቴን እንዳዘዙኝ አተልቄዋለሁ።

ማኅተም አያስፈልግም፤ ፊርማ ይበቃል። በሌላው ወረቀት ስለ ባል የጠየቁኝን ከፌሎሺፑ በኋላ እመልሳለሁ፤ ሁለት ዳኛ በአንድ ጊዜ አልችልም።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ከደብዳቤዎ ግርጌ «የዛሬ ውሃ» ብለው ቁጥር ጽፈዋል። ያን ሳይ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። የድሮ ደብዳቤዎችዎን ከሳጥኔ አውጥቼ በተን በተን አደረግኋቸው። ሁሉም ግርጌ ላይ ብቻውን የቆመ ቁጥር አለ። እኔ እኮ እስከ ዛሬ የመዝገብ ቁጥር መስሎኝ ነበር! የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ ለእኔም ደብዳቤ ቁጥር ይሰጣሉ ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ስቄብዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። አጎቴ፣ እውነት አሁንም ይለካሉ? ከመቼ ጀምሮ? ስንት ዓመት ተቋርጦ ነበር?

የምጠይቅዎት በምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ቤተ መዛግብት ገብቼ ነበር። ይህ አገር ከባሕሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ የውሃቸውን ከፍታ ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ይጽፉታል። አንዲት ሽማግሌ ሴት ጓንት አድርገው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ገጽ ከፈቱልኝ። በየቀኑ አንድ መስመር፣ በየቀኑ አንድ ቁጥር። ጽፎ የሞተው ሰው ስሙ እንኳ አይታወቅም፤ ቁጥሩ ግን ዛሬም ያገለግላል። ቆሜ አለቀስሁ፣ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። መካከል ላይ አንድ ባዶ መስመር አየሁና ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ «ባዶ መስመር የሌለበት መዝገብ አናምንም» አሉኝ። «ሰው ይታመማል፣ ይቀብራል፣ ይድራል። አንድም ቀን ያልጎደለው መዝገብ ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ነው።»

ከቤተ መዛግብቱ ስወጣ ነው የእርስዎን ደብዳቤ ያገኘሁት። በቶሎ ይጻፉልኝ።

ዓዲላ

—

ከሚሴ
ጥር 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ኢንታላ ኮ

ወአለይኩሙ ሰላም። አረፋን በደህና ዋልን። ሀዲጃ ሰላም ብላሻለች።

ምን ያስደነግጥሻል? እለካለሁ። አልተቋረጠም። ሰዎቹ መስከረም 1 ቀን 1972 መጥተው ብረቱን አሳዩኝና ጠዋት ጠዋት አንብብ፣ ጻፍ አሉኝ። በኋላ መምጣታቸውን ተዉ። ተው ያለኝ ሰው ግን የለም። ጀምር ተብዬ የጀመርሁትን ተው ሳልባል እንዴት አቆማለሁ? ለዓመት አንድ ደብተር ነው። ሃያ ስድስቱ ሞልተዋል፣ አሁን ሃያ ሰባተኛው ላይ ነን። ምስጥ እንዳይበላቸው ሳጥኑን በድንጋይ ላይ አቁሜ ዙሪያውን አመድ አፍስሼበታለሁ። ይህ ነው ነገሩ፤ ሌላ ሙያ የለበትም።

አንቺ ግን ስለ ሁለት መቶ ዓመቱ ሰውዬ የነገርሽኝ ገረመኝ። ማታ ለሀዲጃ ነገርኋት። እስላም ነው ወይስ ክርስቲያን አለችኝ። አላውቅም አልኋት። «ማንም ይሁን፣ ጠዋት ተነስቶ ወንዝ ወርዷል» አለችና ዱዓ አደረገችለት። እኔም አሚን አልሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ድልድዩ ስወርድ ብቻዬን የምሄድ አይመስለኝም።

ደብዳቤውን ጽፌ፣ አሽጌ፣ ከሰይድ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ፖስታ ቤት ላክሁት። ፊርማ ይበቃል ብትዪም ልቤ እሺ ስላላለኝ አውራ ጣቴንም ቀለም ነክሬ አተምሁበት። አላበዛሁም፣ አላሳነስሁም። በሥርዓቱ ነው የጻፍሁት። የተከበሩ ሰዎች ከሆኑ ይገባቸዋል።

አጎትሽ አብደላ

የዛሬ ውሃ፣ 0.61

—

ዴልፍት
መጋቢት 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ግን አልፎልኛል፣ አይስጉ።

ከመቶ አርባ አመልካች ስምንት ሰዎችን ለቃል ፈተና ሲጠሩ እኔም አንዷ ሆንሁ። አምስት ገምጋሚዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያቸው ሸበቶ ሴት ናቸው። ስለ ረግረጉ ጠየቁኝ፣ መለስሁ። ካርታውን ዘረጋሁ፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ሰብሳቢዋ አንድ ወረቀት አነሱ። ጥያቄያቸው «ይህን የጻፈው ሰው እንድንመርጥሽ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም?» የሚል ነበር። የእርስዎን ደብዳቤ ነው የያዙት። ማንበብ ባይፈቀድልኝም ሊገባቸው ስላልቻለ ትርጉሙን ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤

«ዓዲላ የእህቴ ልጅ ናት፣ በእኔ ቤት አደገች። የተለየ ነገር የላትም። ሥራ ከያዘች መብላት ትረሳለች፣ ይህ ለቤት አይመችም። በአስር ዓመቷ የውሃውን ቁጥር አሳስታ አነበበችልኝ። ተሳስተሻል ብላት አላመነችኝም፤ ተመልሳ ወርዳ ራሷ አይታ መጣች። ሰው የነገራትን አታምንም፣ ይህ ጠባይዋ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። እኛም እናንተን የምንመጥን ሰዎች አይደለንም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ወንዝ ወርጄ ቁጥር ከመጻፍ በቀር የሠራሁት ነገር የለም። ከእሷ የተሻለች ብታገኙ አንቀየምም።»

አጎቴ፣ ሰባተኛው በርም ሲዘጋ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። ወዲያው ግን ምን እንዳደረጉ ገባኝ። ልጅዎን ፋኢዛን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በመጡ ጊዜ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርሁ። «ልጃችን ገና ናት፣ ሥራ አታውቅም፣ እኛም ለእናንተ አንሆንም» ሲሏቸው ሰምቼ ለፋኢዛ አልቅሼላት ነበር። እሷ ግን «ዝም በይ፣ ሊሰጡኝ ነው» አለችኝ።

ለገምጋሚዎቹ ይህንኑ ነገርኋቸው። በእኛ አገር የተከበረ ሰው ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ የሚወዷትን ልጅ አያወድሱም፤ ዓይን ይፈራል፣ ደግሞም ማወደስ ለመሸጥ ይመስላል አልሁ። አንዱ ገምጋሚ «ሊሰጥሽ ባይፈልግስ ምን ይል ነበር?» አለኝ። በጣም ያመሰግነኝ ነበር፣ ግብዣም አድርጎ ይሸኛችሁ ነበር አልሁት። ሳቁ። አምነውኝ ይሁን ታዝበውኝ አላውቅም።

ሰብሳቢዋ ግን አልሳቁም። ጣታቸውን «ሃያ ስድስት ዓመት» የሚለው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ይህ እውነት ነው? አሉ። እውነት ነው አልሁ። ስንት ቀን ጎድሎበታል? አሉ። አላውቅም አልሁ። የእኔ ነገር እዚያ ላይ ቆመ፤ ውሳኔውንም እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አቆዩት። ያልተለኩት ቀኖች ስንት እንደሆኑ፣ ለምን እንዳልተለኩ፣ ከአንድ ዓመት ደብተር ቅጂ ጋር እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉ። ዕጣዬ ያለው በእነዚያ ቀኖች ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ጽሕፈትዎ ከደብዳቤ ደብዳቤ እየተለቀ፣ መስመሩም እየተጣመመ መጥቷል። እኔ ሰው የነገረኝን እንደማላምን ራስዎ ጽፈዋል። ምን ሆነው ነው?

ዓዲላ

—

ከሚሴ
መጋቢት 27 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ ዓዲላ

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መምህር ዘይኑ ነው፤ እኔ እናገራለሁ።

ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ላብ አሰመጠኝ። የሰው አገር ሰው የእኛን ሥርዓት አያውቅም ብዬ እንዴት አላሰብሁም? አፉ በይኝ። የሀዲጃ አባት እኔ ስጠይቃት «ይህች ልጅ ሰነፍ ናት» ነበር ያሉኝ። ሰላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስንፍናዋን ፈልጌ አላገኘሁትም። እኔ ሁሉም ሰው እንዲህ የሚነጋገር መስሎኝ ነበር። ሌላ ደብዳቤ ጻፍ ካልሽኝ እጽፋለሁ፣ ግን ሰው ፊት ልጄን ማወደስ ያሳፍረኛል። እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ልንገርሽ፤ ዘይኑ ወዳጃችን ነው፣ ማሻአላህ ይላል። ያን ቀን በአስር ዓመትሽ ሳታምኚኝ ተመልሰሽ ወንዝ ስትወርጂ ከኋላሽ ቆሜ አይቼሻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት ከእኔ የምትበልጥ ሰው እንዳለች አውቄአለሁ።

ቀኖቹን ጠይቀሻል። ደብተሮቹን ሁሉ አገላብጠን ቆጠርን። አስራ አንድ ናቸው።

ሦስቱ የ77 ናቸው፤ ልጃችንን ሙህዲንን የቀበርንበት ቀንና ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ። በአራተኛው ቀን ሀዲጃ ደብተሩን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወረድሁ።

አንዱ በ81 ወባ ይዞኝ ነው። ሁለቱ ግንቦት 83 ነው፤ ወታደሮች ድልድዩን ዘግተውት ነበር። ተኩሱ ሲያልፍ ብረቱ ጥይት መቶት ነበር፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። አንዱ ነሐሴ 88 ነው፤ ውሃው ብረቱን ውጦት «ከብረቱ በላይ» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህን እንደ ልኬት የሚቆጥሩት ከሆነ ይቁጠሩት።

ሦስቱ መስከረም 20፣ 21 እና 22 ቀን 1983 ናቸው። አንቺን ዩኒቨርሲቲ ላስገባ አዲስ አበባ የወሰድሁሽ ጊዜ ነው። እነዚያን ቀኖች ውሃው ስንት እንደነበር ጀሊሉ ይወቀው።

የቀረው አንዱ የካቲት 9 ቀን 1990 ነው። ለዚህ ምክንያት የለኝም። አልታመምሁም፣ እንግዳም አልነበረብኝም። ተኛሁ። ስነቃ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ አፈርሁና አልወረድሁም። ዘይኑ «ታምሜ ነው ልበልልህ?» አለኝ። አይሆንም፤ ተኛ ብለህ ጻፍ አልሁት።

አሁን የሸሸግሁሽን ልንገርሽ፤ ሀዲጃ ካልነገርሃት እኔ እነግራታለሁ ብላኛለች። ዓይኔ ደክሟል። የዓይን ሞራ ነው ይላሉ። ከዘንድሮው መስከረም ጀምሮ ቁጥሩ አይታየኝም። የምታነበው ሀዲጃ ናት። ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ከእኔ ጋር ስትወርድ ቁጥር ማንበብ ለምዳለች። በታመመ ጉልበቷ ቁልቁለቱን ወርዳ ትጠራልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስለዚህ የዘንድሮው ደብተር ዓይኑ የእሷ፣ እጁ የእኔ ነው። ያልተማረች ሴት ያነበበችው ነው ብለው መዝገቡን ቢጥሉት፣ አንቺንም አብረው ቢጥሉ፣ በእኔ ምክንያት ነው። ግን ሌላ ሰው ያነበበውን እኔ አነበብሁ ብዬ ማስጻፍ አልችልም። ይህንንም ንገሪያቸው። አንዱን ቃል አትዝለዪ።

የ1977ቱን ደብተር ቅጂ ልኬልሻለሁ። ለምን እሱን እንደመረጥሁ አትጠይቂኝ።

አጎትሽ አብደላ

የዛሬ ውሃ፣ 0.52። ያነበበችው ሀዲጃ።

—

ዴልፍት
ግንቦት 21 ቀን 1998 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ፣ ውድ አክስቴ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ተሰጠኝ። ጽፌ ሳየው እንኳ አላምነውም። መጀመሪያ ለሁለት ዓመት ብቻ ሊሰጡኝ አስበው ነበር፣ በኋላ ሙሉውን ሦስት አደረጉት። ሰባተኛው በር ተከፈተ።

ደብዳቤዎን አንድም ቃል ሳልዘል ተርጉሜ ነበር የላክሁት። የዓይንዎን ነገር ስተረጉም ቢቀርስ ብዬ አስቤም ነበር። አላደረግሁትም። ሰብሳቢዋ ጠርተውኝ ሄድሁ። የ77ቱ ደብተር ቅጂ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። ከሦስቱ ባዶ መስመሮች በታች ያለውን ቁጥር በጣታቸው እየነኩ «በአራተኛው ቀን ወረደ» አሉኝ። ስነሳ ያሉኝን ልንገርዎት። «ሌሎቹን አስር ቀኖች ማንም ሰው ሊያስረዳ ይችላል። እኔ መዝገቡን ያመንሁት ተኛሁ ባለው ቀን ነው።»

ስለ አክስቴ የፈራነው አልሆነም። ዓይኑ የማን እንደሆነ በግልጽ የተጻፈበት መዝገብ ብዙ አያጋጥመንም አሉ። በውሉ ወረቀት ላይ የመዝገቡ ባለቤቶች ተብሎ ሁለት ስም እንዲገባ ጠይቀዋል፤ አብደላ እና ሀዲጃ። የዘንድሮው ደብተር እስኪያልቅ እንዳይቋረጥ አደራ ብለዋል።

እኔ ሰባት ድርጅት ሳስስ፣ ቁጥር የለም ብዬ ስቆጭ፣ መልሱ እናንተ ቤት በሳጥን ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር።

ማክሰኞ ሐምሌ 11 ጠዋት አዲስ አበባ እገባለሁ፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ከሚሴ እደርሳለሁ። መጀመሪያ የምናደርገው እርስዎን ደሴ ለዓይን ሐኪም ማሳየት ነው። ተቀባይ አያስፈልገኝም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። እባክዎ ከብረቱ አይለዩ።

ዓዲላ

—

ከሚሴ
ሰኔ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ኢንታላ ኮ

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ።

ዘይኑ ሲያነብልን ሀዲጃ «የእኔ ስም?» አለች። አዎ አላት። እንደገና አንብብ አለችው። አራት ጊዜ አስነበበችው። በማግስቱ ጠዋት ወንዝ ስንወርድ የዒዱን ልብሷን ለብሳ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብላት «ሁለት መቶ ዓመት የሚቆይ ከሆነ አምሬ ልሂድ» አለችኝ። የእኔም ነገር ከእሷ የተለየ አይደለም። ወረቀቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥሁ።

ሰይድ ያላወቀውን ነገር በመጨረሻ ነገረኝ። ሰማዩ ስንት ውሃ እንደሚይዝ ነው። ስትመጪ ይጠይቅሻል፤ ተዘጋጂ።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ ለእነዚያ የተከበሩ ሰዎችም አስቀድመሽ አሳውቂልኝ። ከብረቱ አትለይ ብለሻል፣ አደራም ብለዋል፤ እኛ ግን አንቺን ልንቀበል አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ሰይድ በቦታችን ሊያነብልን ፈቃደኛ ነው፤ ግን የደላላ ዓይን ነው፣ ከቁጥሩ ላይ ትንሽ ሳይጨምር አያልፍም። ዘይኑም ለክረምቱ ወደ ባቲ፣ ወደ እህቱ ሄዷል፤ ይህን እንኳ ቃል በቃል የጻፈልኝ ሌላ መምህር ነው። ሀዲጃን ተቀመጪና አንብቢ አልኋት፣ «በ83 ቤት ቀረሁ፣ ደግሞ ዘንድሮም ልትተወኝ?» አለች። ስለዚህ ሦስቱ ቀን ባዶ ይሆናል።

ምክንያቱን እንዲህ ብዬ አስጽፌአለሁ፣ በደብተሩ ላይም አስቀድሞ ሰፍሯል። በ83 ልጃችንን ስንሸኝ ሦስት ቀን አልለካንም፤ ስንቀበላትም ሦስት ቀን አንለካም። አስራ አንድ የነበረው አስራ አራት ሆነ።

ቦሌ በር ላይ ቆመን እንጠብቅሻለን። እኔ አላይሽም፤ ሀዲጃ ታይሽና ትጠራልኛለች።

አጎትሽ አብደላ

የዛሬ ውሃ፣ 0.97። ያነበበችው ሀዲጃ።
ሐምሌ 10፣
ሐምሌ 11፣
ሐምሌ 12፣